የከተማ የመጠጥ ውሃ ጥራት በወቅትና በቦታ ሲለዋወጥ፦ ናሙና ከመቅዳት እስከ ውጤት ንባብ

ስለ አንድ ከተማ የውሃ ጥራት ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው አንድ ወረቀት ነው፤ ከአንድ ቧንቧ፣ በአንድ ቀን የተቀዳ ናሙና ውጤት። ያ ወረቀት ስለዚያ ጠርሙስ ይመሰክራል፤ ስለ ከተማው ግን የሚለው ትንሽ ነው። ከማጣሪያ ጣቢያ ጠርቶ የወጣ ውሃ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከመስመሩ ጫፍ ሲደርስ ክሎሪኑ አልቆ፣ ዝገት ተቀላቅሎበት ሊገኝ ይችላል። በጋውን ሙሉ ንጹህ የነበረ ቧንቧም ዝናብ በጀመረ ሳምንት ኢ. ኮላይ (በሰገራ መበከልን የሚያመለክት ባክቴሪያ) ሊያሳይ ይችላል።

ይህ መመሪያ በውሃ አገልግሎት ላቦራቶሪ ለሚሠሩ፣ ለጤና ተቆጣጣሪዎችና ይህን ርዕስ ለጥናት ለያዙ ተማሪዎች ነው። ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ነጠላ ቁጥር ብቻውን ብዙም አይረዳችሁም። የሚረዳችሁ በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው ባሉ ሁለት ነጥቦች መካከል፣ በአንድ ቀን የታየው ልዩነት ነው። ጥራቱ የት ላይ እንደተበላሸ የሚያሳየው እሱ ነው። ያው ልዩነት በክረምትና በበጋ ሲነጻጸር ደግሞ ምክንያቱ መታየት ይጀምራል።

ውሃው የሚሄድበትን መንገድ ሳሉ

ጠርሙስ ከመንካታችሁ በፊት ካርታ ያስፈልጋል። በእጅ የተሣለም ይበቃል። ምንጮቹ (ወንዝ፣ ግድብ፣ ጥልቅ ጉድጓድ፣ የጎለበተ ምንጭ)፣ ማጣሪያ ጣቢያው፣ ማጠራቀሚያዎቹ፣ ዋና ዋና መስመሮቹ፣ የቧንቧው ዓይነትና ዕድሜ፣ የመስመር ጫፎች፣ ከፍታና ዝቅታ ያላቸው ሰፈሮች ይግቡበት። ቧንቧው ከፍሳሽ ቦይ ወይም ከወንዝ ጋር የሚተላለፍባቸውን ቦታዎች፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚበዛባቸውን ሰፈሮችም በሌላ ቀለም አስገቡ።

ከዚያ ፓምፕ ኦፕሬተሩንና የቫልቭ ሠራተኛውን ጠይቁ። የትኛው ሰፈር ከየትኛው ምንጭ እንደሚጠጣ፣ ይህም በየትኛው ወር እንደሚለወጥ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ብዙ ከተማ በበጋ ወንዙ ሲቀንስ ተጠባባቂ ጉድጓዶችን ያስነሳል። ይህን ሳያውቅ የገባ አጥኚ በበጋ ፍሎራይድና ጨዋማነት መጨመሩን አይቶ «የወቅት ለውጥ» ብሎ ይጽፋል። የተለወጠው ግን ምንጩ ነው። የፓምፕ መዝገቡንና የፈረቃ ፕሮግራሙን ቅጂ ሳትይዙ ሥራ አትጀምሩ።

ወቅት ምን ይለውጣል

ወንዝ ለዝናብ ፈጣን ምላሽ ይሰጣል። ትልቁ አደጋ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዝናቡ ሲበረታ ሳይሆን ገና ሲጀምር ነው። በደረቁ ወራት መሬት ላይ የተጠራቀመውን እበት፣ ሰገራና አፈር የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጎርፎች ጠራርገው ያወርዱታል፤ ድፍርስነቱ በሰዓታት ውስጥ ከ20 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ) ወደ ብዙ መቶ ሊዘል ይችላል። ደቃቁ አፈር ለጀርሞች መደበቂያ ይሆናል፤ አብሮት የሚመጣው ብስባሽ ደግሞ ክሎሪኑን ይበላል።

በዚሁ ጊዜ ብዙዎች የማያዩት ሌላ ነገር ይከሰታል። የዝናብ ውሃ የወንዙን አልካሊኒቲ (አሲድን የመቋቋም አቅም) ያቀጥነዋል፤ አሉም (ድፍርሱን የሚያዘቅጠው ጨው) ደግሞ አልካሊኒቲ ይበላል። 1 ሚሊግራም አሉም በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ 0.5 ሚሊግራም ገደማ ያጠፋል። ስለዚህ ድፍርሱን ለማውረድ አሉሙን 60 ሚሊግራም በሊትር ያደረሰ ጣቢያ 30 ሚሊግራም አልካሊኒቲ ያጣል። ወንዙ ያለው 35 ብቻ ከሆነ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ቁልቁል ይወርዳል፣ የሚዘቅጠው ጥጥ መሰል ነገር በደንብ አይፈጠርም፣ ያልረጋው አልሙኒየም ከውሃው ጋር ወደ ከተማ ይሄዳል። «አሉም በጨመርን ቁጥር ባሰብን» የሚለው የኦፕሬተሮች ቅሬታ በክረምት የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ኖራ መጨመር እንጂ ተጨማሪ አሉም አይደለም። በክረምት ጥሬ ውሃ ላይ አልካሊኒቲና ፒኤች በየቀኑ መለካት ያለባቸውም ለዚህ ነው።

ግድብ ሌላ ጠባይ አለው። ሙቀት ሲረዝም ላይኛው ውሃ ሞቆ ከታችኛው ጋር መቀላቀሉን ያቆማል፤ ታች ኦክስጅን ያልቅና ከደለሉ ብረትና ማንጋኒዝ ይሟሟሉ። አየሩ ሲቀዘቅዝ ወይም ንፋስ ሲበረታ ውሃው ይገለበጣል፤ ሽታና ጥቁር ቀለም በድንገት ከተማ ይደርሳል። ላይ ላይ ደግሞ አልጌ አለ። የግድብ ውሃ የምትከታተሉ ከሆነ ናሙናውን ከመሳቢያው ጥልቀት እንጂ ከዳር አትቅዱ።

የከርሰ ምድር ውሃ ዘገምተኛ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ለዝናብ ምላሽ ለመስጠት ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድና የተሰነጠቀ ድንጋይ ውስጥ የሚፈልቅ ምንጭ ግን በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ይለወጣል። ናይትሬት ብዙ ጊዜ ከፍ የሚለው ዝናቡ አፈሩን ዘልቆ ማዳበሪያውንና የመጸዳጃ ጉድጓዱን ይዞ ሲወርድ ነው። በበጋ የመጨረሻ ወራት ደግሞ በዝናብ ውሃ መቅጠኑ ስለሚቀንስ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ (የሟሟ ጨው መጠን ምልክት)፣ አንዳንድ ቦታ ፍሎራይዱም ከፍ ሊል ይችላል።

በቧንቧው ውስጥ ሙቀት ዋነኛ ነው። የውሃው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ክሎሪን የሚያልቅበት ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በቀዝቃዛው ወር እስከ መስመሩ ጫፍ የሚበቃ ዶዝ በሞቃቱ ወር መሀል መንገድ ላይ ያልቃል።

ቦታ ምን ይለውጣል

ከጣቢያው መራቅ ሲባል የሚታሰበው ኪሎ ሜትር ነው፤ ክሎሪን ግን የሚቆጥረው ሰዓት ነው። በቅርብ ያለ፣ ጥቂት ሰው የሚጠቀምበት የተዘጋ ጫፍ ከሩቅ ዋና መስመር ይልቅ ያረጀ ውሃ ሊይዝ ይችላል። ከሚያስፈልገው በላይ ተልቆ የተሠራ ማጠራቀሚያም እንደዚሁ፤ መግቢያውና መውጫው ጎን ለጎን ከሆኑ የሩቁ ጥግ ውሃ ለቀናት ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል።

ፈረቃ ሁሉንም ያባብሳል። መስመሩ ሲጠፋ ውስጡ ባዶ ይሆናል፣ ግፊቱ ከውጭው ያንሳል፣ በየመጋጠሚያው ያለው ቀዳዳ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። ወቅትና ቦታ የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው ዓመቱን ሙሉ አለ። በበጋ ዙሪያው ደረቅ አፈር ስለሆነ የሚሳበው አየር ነው፤ በክረምት ቦዩ ውሃ ሞልቶበት፣ ከጎኑ ያለው መጸዳጃ ጉድጓድ ገንፍሎ ሲያበቃ የሚሳበው ፍሳሽ ነው። ከፍ ያለ ሰፈር ግፊት ስለሚያጣ፣ ዝቅ ያለ ሰፈር ጎርፍ ስለሚቆምበት ሁለቱም በየምክንያታቸው ይጎዳሉ።

ከቆጣሪው በኋላ ያለው ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው፤ የጣሪያ ታንከር፣ በርሜል፣ ጄሪካን። ቧንቧው ላይ ንጹህ ሆኖ ጄሪካን ውስጥ የሚበከል ውሃ ብዙ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ሳይለኩ «የሰፈሩ ውሃ ተበክሏል» ማለት ለማንም አይጠቅምም፤ አንዱ ቧንቧ መጠገን ሲፈልግ ሌላው ዕቃ ማጠብ ነው የሚፈልገው።

ነጥብ መረጣ

የናሙና ነጥቦች በሰንሰለት ይመረጡ። ለእያንዳንዱ የስርጭት ቀጠና አንድ ሰንሰለት ያዙ፦ ጥሬ ውሃ፣ ከክሎሪን በኋላ የጣቢያው መውጫ፣ የማጠራቀሚያው መግቢያና መውጫ፣ የመስመሩ መሀል፣ የመስመሩ ጫፍ፣ ከዚያው ጫፍ የሚቀዳ የአንድ ቤት ማጠራቀሚያ። ባለ ሁለት ቀጠና ከተማ በዚህ መንገድ 14 ነጥብ ይኖረዋል። እነዚህ ቋሚዎች ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ አይለወጡም። በየዙሩ ሁለትና ሦስት ተዘዋዋሪ ነጥቦች ጨምሩ፤ ቋሚ ነጥብ ብቻ የሚለካ ቡድን ለዓመታት አንድ የታመመ ሰፈር ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ከተዘዋዋሪዎቹ ውስጥ አይቅሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለቧንቧ ውሃ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የባክቴሪያ ናሙና ቁጥር ይህ ነው፦ ከ5,000 ሰው በታች ለሆነ ከተማ በዓመት 12፤ ከ5,000 እስከ 100,000 ለሆነ ለእያንዳንዱ 5,000 ሰው በዓመት 12፤ ከዚያ በላይ እስከ 500,000 ለእያንዳንዱ 10,000 ሰው 12፣ በላዩም 120 ተጨማሪ። ስለዚህ 60,000 ሕዝብ ያለው ከተማ በዓመት ቢያንስ 144 ናሙና ይወስዳል። ቁጥሩን በ12 ወር እኩል ማካፈል ግን ግዴታ አይደለም። ችግሩ በሚጠበቅባቸው ሳምንታት ማብዛት ይሻላል።

መቼ ይቀዳል

ወቅትን በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በዝናብና በምንጭ አጠቃቀም ለዩ። አምስት መስኮቶች ይበቃሉ፦ የበጋው መጨረሻ፣ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሳምንት፣ የክረምቱ መሀል፣ ዝናቡ ያቆመበት ወር፣ የበጋው መሀል። ከሁሉ የሚያመልጠው ሁለተኛው ነው፤ ቀኑ አይታወቅምና። ጠርሙሶቹን ቀድማችሁ አምክናችሁ አስቀምጡ፤ ጥሩ ዝናብ በጣለ በ24 ሰዓት ውስጥ ውጡ። በእያንዳንዱ ቅጽ ላይ ያለፉት የ24 እና የ72 ሰዓታት የዝናብ መጠን ይመዝገብ። ይህ አንድ አምድ በኋላ ከወሩ ስም የበለጠ ያብራራል።

የቀኑ ሰዓትም ይወስናል። ጠዋት ውሃ በብዛት ስለሚቀዳ ውሃው በቧንቧ ውስጥ ብዙ ያልቆየ ነው፤ ከሰዓት ሌላ ነው። አንድን ነጥብ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ግቡበት። ፈረቃ ባለበት ሰፈር ደግሞ ሁለት ጊዜ ቅዱ፦ ውሃው በመጣ በ10 ደቂቃ ውስጥና ከሁለት ሰዓት በኋላ። የመጀመሪያው ቆሻሻ፣ ሁለተኛው ንጹህ ከሆነ ብክለቱ የሚገባው መስመሩ በተዘጋበት ጊዜ ነው። ሁለቱም ቆሻሻ ከሆኑ ወደ ላይ፣ ወደ ምንጩ አቅጣጫ፣ ሂዱ።

ምን ይለካል

ሁሉንም ነገር በሁሉም ቦታ መለካት ገንዘብ ማባከን ነው። በእያንዳንዱ ነጥብ፣ በእያንዳንዱ ዙር የሚለኩት ሙቀት፣ ፒኤች፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት፣ ድፍርስነት፣ ነጻና ጠቅላላ ክሎሪን (ነጻው ከሌላ ነገር ጋር ያልታሰረው ነው)፣ ኢ. ኮላይ ናቸው። ናይትሬት፣ ፍሎራይድ፣ ብረት፣ ማንጋኒዝ ከምንጩና ከመስመሩ ጫፍ በየመስኮቱ። አርሴኒክ ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ቢያንስ አንድ ጊዜ፤ እርሳስና መዳብ ከቤት ውስጥ ቧንቧ ብቻ።

የአገራችሁ ደረጃ ቅድሚያ አለው። ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ለማነጻጸር የሚያስፈልጉት፦

- ኢ. ኮላይ፦ በ100 ሚሊሊትር ምንም
- ነጻ ክሎሪን፦ ከ30 ደቂቃ ቆይታ በኋላ፣ ፒኤች ከ8 በታች ሆኖ፣ ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም በሊትር፤ ተጠቃሚው ጋ ቢያንስ 0.2፤ ከ5 ያልበለጠ
- ድፍርስነት፦ ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ከ1 ኤንቲዩ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ አቅም ባነሰበት ከ5 በታች
- ናይትሬት 50፣ ፍሎራይድ 1.5 ሚሊግራም በሊትር
- አርሴኒክ 0.01፣ እርሳስ 0.01፣ መዳብ 2 ሚሊግራም በሊትር

ናይትሬት ላይ ብዙ ሪፖርት ይበላሻል። 50 የተባለው ናይትሬቱ ራሱ ሲለካ ነው፤ ብዙ መሣሪያ ግን የሚያነበው በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ነው። በናይትሮጅን ሲሰላ ወሰኑ 11 ይሆናል። መሣሪያው 14 ካነበበ «ከ50 በታች ነው» ብላችሁ እንዳታልፉ፤ በ4.43 ሲባዛ 62 ነው።

አቀዳዱ

1. ጠርሙሱን አዘጋጁ። ለባክቴሪያ ምርመራ 120 ሚሊሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ 3% የሶዲየም ታዮሰልፌት ብጥብጥ 0.1 ሚሊሊትር ጨምሩና በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ15 ደቂቃ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) አምክኑ። ታዮሰልፌቱ ከረሳችሁት ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ባክቴሪያውን መግደሉን ይቀጥላል፤ ላቦራቶሪ ሲደርስ ውጤቱ በውሸት ንጹህ ይሆናል። ለፍሎራይድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተጠቀሙ።

2. ቧንቧውን ምረጡ። ከመንገድ መስመር በቀጥታ የሚመጣ እንጂ ከጣሪያ ታንከር የሚወርድ አይሁን። የሚያንጠባጥብ፣ በክር ወይም በጎማ የታሰረ ቧንቧ እለፉት። ጫፉ ላይ ወንፊት ካለ ፍቱት።

3. ጫፉን በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፤ ከዚያ ለሁለትና ሦስት ደቂቃ ልቀቁት። ይህ ቁጥር ከሒሳብ የመጣ ነው፦ የውስጥ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር የሆነ ቧንቧ በአንድ ሜትር 0.31 ሊትር ይይዛል፤ ከመንገድ እስከ ቧንቧው 30 ሜትር ቢሆን 9.4 ሊትር ነው፤ በደቂቃ 6 ሊትር በሚፈስ ቧንቧ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። ቤቱ 80 ሜትር ከገባ ግን ሦስት ደቂቃ አይበቃም። ሌላው ምልክት ሙቀት ነው፤ ቴርሞሜትሩ መለወጡን ሲያቆም የመንገዱ ውሃ ደርሷል።

4. የብረት ቧንቧን በእሳት፣ የፕላስቲክን በ70% አልኮል ወይም በክሎሪን ብጥብጥ አምክኑ፤ ሌላ አንድ ደቂቃ በመጠነኛ ፍሰት ልቀቁት።

5. ክዳኑን አታስቀምጡ፤ ወደ ታች ገልብጣችሁ በእጃችሁ ያዙት። ጠርሙሱን አታለቅልቁት። ከላይ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል አየር ትታችሁ ሙሉ፤ ያለዚያ ላቦራቶሪው አራግፎ ማደባለቅ አይችልም።

6. ጠርሙሱ ላይ ቁጥር፣ ሰዓት፣ ነጥብ ጻፉ። ጽሑፉ ክዳኑ ላይ አይሁን፤ ክዳን ይቀያየራል።

7. በበረዶ ሳጥን፣ ጨለማ ውስጥ፣ ከ10 ዲግሪ በታች አጓጉዙ። በ6 ሰዓት ውስጥ ቢመረመር ጥሩ ነው፤ ከ24 ሰዓት ካለፈ ጣሉትና ድገሙት። በረዶው ሲቀልጥ ጠርሙሶቹ ውሃ ውስጥ እንዳይዋኙ በላስቲክ ጠቅልሉ።

እርሳስና መዳብ ሲለካ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ውሃው በቧንቧው ውስጥ ቢያንስ 6 ሰዓት ከቆየ በኋላ፣ ሳይለቀቅ፣ የመጀመሪያው 1 ሊትር ይቀዳል። ለብረት ነክ ምርመራ የተቀዳ ናሙና በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ይደረጋል።

ከየ10 ናሙና አንዱን ደግማችሁ ቅዱ፤ በየዙሩም አንድ በመከነ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ወስዳችሁ፣ ሜዳ ላይ ከፍታችሁ፣ መልሱ። እሱ ላይ ባክቴሪያ ከበቀለ የዚያን ቀን ውጤት በሙሉ አትመኑት።

ክሎሪንና ድፍርስነት እዚያው ይለኩ

ክሎሪን ጠርሙስ ውስጥ ስለማይቆይ ለላቦራቶሪ የሚላክ ነገር አይደለም። የመለኪያውን ብርጭቆ በውሃው ሁለት ጊዜ አለቅልቁ፣ እስከ ምልክቱ ሙሉ፣ ዲፒዲ (ክሎሪን ሲያገኝ ሐምራዊ የሚሆን ኬሚካል) ቁጥር 1 ክኒን በእጅ ሳትነኩ ጨምሩና በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንብቡ፤ ይህ ነጻው ክሎሪን ነው። በዚያው ውሃ ላይ ቁጥር 3 ጨምራችሁ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ብታነቡ ጠቅላላውን ታገኛላችሁ። በሁለቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ካለ ክሎሪኑ ከአሞኒያ ጋር ታስሯል ማለት ነው፤ ቀድሞ ያልነበረ ክፍተት በዝናብ ሳምንት ቢታይ ፍሳሽ መግባቱን ጠርጥሩ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። ክሎሪኑ እጅግ ሲበዛ ሐምራዊው ቀለም ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ «ዜሮ» ተብሎ ይጻፋል። ከተጠራጠራችሁ ናሙናውን ክሎሪን በሌለው ውሃ አሥር እጥፍ አቅጥናችሁ ድገሙ። ማንጋኒዝ ያለበት ውሃ ደግሞ ክሎሪን ሳይኖረው ቀለም ሊሰጥ ይችላል።

የክሎሪን ቁጥር ያለ ፒኤች ትርጉሙ ጎዶሎ ነው። ፒኤች 7 ላይ ከነጻው ክሎሪን ሦስት አራተኛው ጠንካራ ገዳይ በሆነው መልኩ ይገኛል፤ 8.5 ላይ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ። ከወንዝ ወደ ጉድጓድ የሚቀያየር ከተማ በሁለቱም ወቅት 0.4 እያነበበ የመግደል አቅሙ በብዙ እጥፍ ሊለያይ ይችላል።

ድፍርስነት ስትለኩ ብርጭቆው ላይ የጣት አሻራ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያመጣው ላብና የአየር አረፋ ንባቡን ከፍ ያደርጋሉ። ከቧንቧ ነጭ ሆኖ ወርዶ ከታች ወደ ላይ የሚጠራ ውሃ አየር ነው እንጂ ድፍርስ አይደለም።

ላቦራቶሪ ውስጥ

በሜምብሬን ዘዴ 100 ሚሊሊትር ውሃ 0.45 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ ያልፋል፤ ማጣሪያውም ባክቴሪያ በሚያበቅል ሳህን ላይ ይደረጋል። ከክሎሪን የተረፉ ባክቴሪያዎች ደካሞች ስለሆኑ ሳህኑን በቀጥታ ወደ 44 ዲግሪ አታስገቡት። መጀመሪያ በለዘብተኛ ሙቀት፣ 30 ዲግሪ አካባቢ፣ ለ4 ሰዓት አሳርፉት፤ ከዚያ በ44 ዲግሪ ለ14 ሰዓት። ኢንኩቤተሩ (ሳህኑ የሚቀመጥበት ማሞቂያ ሳጥን) በግማሽ ዲግሪ ቢያልፍ ውጤቱ ይዛባል፤ የራሱን ማሳያ ሳይሆን ውስጡ የተቀመጠ ቴርሞሜትር አንብቡ።

በክረምት ሁለት ችግር ይጠብቃችኋል። ድፍርሱ ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ የበቀሉት የባክቴሪያ ስብስቦችም ተደራርበው አይቆጠሩም። ለጥሬ ውሃ በ10፣ በ1 እና በ0.1 ሚሊሊትር አዘጋጁ፤ ከ20 እስከ 80 የሚበቅልበትን ሳህን ቆጥራችሁ ወደ 100 ሚሊሊትር አስሉ።

ፍሎራይድ በቀለም ዘዴ ሲለካ በአሉም ከታከመ ውሃ የተረፈ አልሙኒየም ንባቡን ያዛባል። በክረምት አሉም ስለሚበዛ ከጣቢያ በኋላ ያለው ፍሎራይድ በሐሰት የቀነሰ ሊመስል ይችላል። ኤሌክትሮድና ማስተካከያ ብጥብጥ ካለ እሱን ምረጡ።

ውጤቱን እንዴት ታነባላችሁ

የአንድን ሰንሰለት ውጤት ከላይ ወደ ታች በአንድ ረድፍ አስቀምጡና አጎራባቾችን አነጻጽሩ። ለምሳሌ ያህል የጣቢያው መውጫ ነጻ ክሎሪን 0.9፣ የማጠራቀሚያው መግቢያ 0.8፣ መውጫው 0.3፣ የመስመሩ ጫፍ 0.2 ይሁን። ብዙ ሰው የሚያየው የመጨረሻውን 0.2 ነው፤ «አልፏል» ይላል። ትልቁ ኪሳራ ግን ማጠራቀሚያው ውስጥ ነው። ወይ ደለል አለበት፣ ወይ ውሃው ከመጠን በላይ ይቆያል፣ ወይ ክዳኑ ተከፍቷል። በሞቃቱ ወር ያ 0.2 ዜሮ ይሆናል።

የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት እንደ መታወቂያ ያገለግላል። ጉድጓዱ 700፣ ወንዙ 180 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ከሆነ፣ ቧንቧው ላይ 440 ስታገኙ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ውሃ እየጠጡ ነው። ቅልቅሉ ሳይለወጥ በጫፉ ብቻ በድንገት የሚታይ ጭማሪ ግን ከውጭ የገባ ነገር አለ ማለት ነው።

ድፍርስነት ጨምሮ ክሎሪን ካልቀነሰ፣ ኢ. ኮላይም ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ የቧንቧው የራሱ ዝገት ነው። ድፍርስነት ጨምሮ ክሎሪን ከወደቀና ኢ. ኮላይ ከታየ ከውጭ ገብቷል። ክሎሪን 0.5 እያለ ኢ. ኮላይ የሚያሳይ ነጥብ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ አቀዳዱን ተጠራጠሩ፣ በዚያው ቀን ድገሙ፤ ከተደገመ ግን ብክለቱ እዚያው ቅርብ ነው፣ ክሎሪኑ ለመሥራት ጊዜ አላገኘም።

ለስታቲስቲክስ አንድ ሁለት ነገር ብቻ። የኢ. ኮላይ አማካይ አትጻፉ፤ አንድ 900 ያለበት ሳህን ሁሉን ያዛባል። መካከለኛ ዋጋን (ውጤቶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለውን) እና ከወሰን ያለፉትን በመቶኛ ስጡ። ከመለኪያው አቅም በታች የሆነ ውጤት «ከዚህ በታች» ተብሎ ይመዝገብ እንጂ ዜሮ አይደረግ። ቋሚ ነጥቦችን በሁለት ወቅት ስታነጻጽሩ የዊልኮክሰንን የጥንድ ፈተና፣ ብዙ ቦታዎችን እርስ በርስ ደግሞ የክሩስካል ዋሊስን ተጠቀሙ። ወቅትንና ቦታን ለየብቻ ፈትኖ ማቆም ግን ዋናውን ያሳጣል፤ ዝናብ የሚጎዳው ሁሉንም ሰፈር ሳይሆን የተወሰነውን ነውና የሁለቱ መስተጋብር መታየት አለበት።

ከውጤቱ በኋላ

ኢ. ኮላይ የተገኘበት ሰፈር ውሃ አፍልቶ እንዲጠጣ ወዲያው ይነገረው። ችግሩ ናይትሬት ወይም ፍሎራይድ ከሆነ ግን ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ይባስ ያከማቸዋል። እዚያ የሚያዋጣው ምንጭ መቀየር ወይም ማቀላቀል ነው።

ማጠራቀሚያ ላይ ክሎሪን ለመጨመር ሒሳቡ ቀላል ነው። 500 ሜትር ኩብ ውሃን ከ0.3 ወደ 0.8 ለማድረስ 500 ሲባዛ በ0.5፣ ማለትም 250 ግራም ክሎሪን ያስፈልጋል። ዱቄቱ 65% ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ከሆነ 250 ለ0.65 ሲካፈል 385 ግራም ገደማ ይመጣል። የቆየ ዱቄት ኃይሉ ስለሚቀንስ ከማስላታችሁ በፊት ጥንካሬውን ፈትሹ። በፕላስቲክ ባልዲ ዱቄቱን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ዱቄቱ አይሁን። ነጩ አተላ ከረጋ በኋላ የጠራውን ብቻ አፍስሱ።

የተዘጋ ጫፍ ሲታጠብ ቧንቧውን መክፈት ብቻ አይበቃም። ደለል የሚነሳው ውሃው በሰከንድ 1.5 ሜትር ገደማ ሲሮጥ ነው፤ 100 ሚሊሜትር ለሆነ ቧንቧ ይህ በሰከንድ 12 ሊትር ይፈልጋል። የጎን ቫልቮችን ዝጉ፣ ከንጹህ ወደ ቆሻሻ አቅጣጫ እጠቡ፣ ውሃው ጠርቶ ክሎሪኑ ከዋናው መስመር ጋር እስኪቀራረብ ቀጥሉ። ይህ ሥራ ክረምት ከመግባቱ በፊት ቢያልቅ ጥሩ ነው።

ከጥገናም ሆነ ከእጥበት በኋላ ናሙናው ከዚያው ነጥብ፣ በላይና በታች ካሉት ጎረቤቶቹ ጋር፣ በሁለት ተከታታይ ቀናት ይቀዳ። ሁለቱም ንጹህ ከሆኑ የማፍላቱ ማስታወቂያ ይነሳል፤ ነጥቡ ግን ከክትትል ዝርዝሩ የሚወጣው የሚቀጥለው ከባድ ዝናብ ጥሎ ሌላ ናሙና ከተቀዳ በኋላ ነው።